የጀልባ ሞተር አልጎትት ሲል፦ ከቤንዚን ታንኩ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መፈተሻ

«ሞተሩ ይነሳል፣ ግን አይጎትትም።» «ጥሩ ሄዶ ሄዶ ሐይቁ መሃል ላይ ይጠፋብኛል።» «ሚኒሞ አይዝም።» (ሚኒሞ ማለት ጋዝ ሳይሰጠው ሞተሩ ዝግ ብሎ የሚዞርበት ነው።) እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ደጋግመው ይመጡልኛል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ የምከተለውን ቅደም ተከተል እዚህ ላስቀምጠው።

መመሪያው ከጀልባው ኋላ ለሚታሰሩ፣ ከ15 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ላላቸው፣ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ባለ ሁለት ምት የቤንዚን ሞተሮች ነው። በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ የምታዩዋቸው ማለት ነው። ሞተራችሁ ባለ አራት ምት ከሆነ፣ ዘይትና ቤንዚን ስለ መቀላቀል ያለውን ዝለሉት። ሌላው አብዛኛው ለእናንተም ይሠራል።

መሠረቱ አንድ ነው። ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከታንኩ ወደ ሞተሩ ሂዱ። ካርቡሬተር መፍታት ወደ መጨረሻው ነው የሚመጣው። «ካርቡሬተሩ ሞቷል» ተብሎ የሚመጣ ብዙ ሞተር ችግሩ ታንኩ ክዳን ወይም ቱቦው ላይ ነው የሚገኘው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የምትሰጠዋ ክፍል) ቁልፍ፣ ሞተሩ የሚፈልገው ቁጥር ያለው አዲስ ካንዴላ (በሲሊንደር አንድ)
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መደበኛ ቁልፎች
- ንጹሕ፣ ውስጡ የሚታይ የመስታወት ብልቃጥ ከነክዳኑ
- የእሳት ብልጭታ መፈተሻ (ርካሽ ናት፣ ግዙ)
- የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ንጹሕ ጨርቅ
- የቤንዚን ፊልትሮ፣ ትርፍ ቱቦና ማሰሪያዎቹ
- የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) መለኪያ (ከጋራዥ መዋስ ይቻላል)
- ሞተሩ የሚነከርበት ትልቅ በርሜል፣ ወይም ጀልባውን የምታስሩበት ጠንካራ ቦታ
- ግሪስና የማርሽ ዘይት
- የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ። ከሌላችሁ በሞዴል ቁጥሩ ፈልጉት፤ የሞዴል ቁጥሩ ሞተሩ ጀልባው ላይ በሚታሰርበት ክፍል ላይ በተለጠፈችው ምልክት ላይ ይገኛል።
- ደብተርና እስክሪብቶ

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። ጀልባው ወለል ላይ ይተኛል እንጂ በንፋስ ቶሎ አይጠፋም። ቤንዚን የምትነኩበትን ሥራ ሁሉ ታንኩን ወደ ባሕር ዳርቻው አውጥታችሁ ሥሩ። ሲጋራ የለም፣ ከሰል የለም፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን።

ሞተሩን ያለ ውሃ አታስነሱ፤ ለአፍታም ቢሆን። የውሃ ፖምፓው ውስጥ ያለችው ጎማ የምትለሰልሰው በሚያልፍባት ውሃ ነው። በደረቁ ስትዞር በሴኮንዶች ውስጥ ትቃጠላለች።

ፕሮፔለር ስትነኩ የማጥፊያ ገመዱን ንቀሉ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመድ በባዶ እጅ አትንቀሉ። የሚወጣው ኃይል ሰውን ያስፈነጥራል፣ መሬት ያልነካ ገመድም አንዳንድ ሞተሮች ላይ የኤሌክትሪክ ክፍሉን ያቃጥላል። በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ሞተር አታስነሱ፤ ጭሱ ይገድላል። ሙከራ ስትወጡ ደግሞ መቅዘፊያ፣ መልህቅና የሕይወት ጃኬት ሳትይዙ እንዳትወጡ።

1. መቼ እንደሚያስቸግር ጻፉ

ምንም ሳትፈቱ ሞተሩን አዳምጡ። «ያስቸግራል» ማለት ብቻውን የትም አያደርስም። መቼ? ሲነሳ ነው? ሚኒሞ ላይ? ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው? ከአሥር ደቂቃ በኋላ? ጥያቄው ሲመለስ ግማሹ ሥራ አለቀ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ምልክት ወደተለያየ ክፍል ነው የሚመራችሁ።

- ጥሩ ተነስቶ ከደቂቃዎች በኋላ ደክሞ የሚጠፋ፦ ቤንዚን አይደርሰውም። ደረጃ 3 እና 5።
- ድምፁ ይጮኻል፣ ዙሩ ይጨምራል፣ ጀልባው ግን አይሄድም፦ ፕሮፔለር ነው። ደረጃ 2።
- ሲሮጥ ደህና፣ ሚኒሞ ላይ የሚጠፋ፦ የካርቡሬተሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች። ደረጃ 8።
- ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቱም በግማሽ ቀንሷል፦ አንድ ሲሊንደር አይሠራም። ደረጃ 6 እና 7።
- ብዙ ከሄደ በኋላ በድንገት ዙሩን የሚቀንስ፣ አንዳንዴም የሚጮኽ፦ ግሏል። ወዲያው አጥፉና ወደ ደረጃ 10።

ምልክቱ ግልጽ ካልሆነላችሁ ከደረጃ 2 በተራ ሂዱ።

2. ከውሃ በታች ያለውን እዩ

ይህን ደረጃ ሰው ይንቀዋል። ሞተሩን ከፍ አድርጉና ፕሮፔለሩን እዩት። ጣና ላይ እምቦጭ ከተስፋፋ ወዲህ ሥሩ ፕሮፔለር ላይ ተጠምጥሞ፣ የውሃ መሳቢያውን ወንፊትም ደፍኖ ማግኘት የዘወትር ነገር ነው። ከእምቦጭ የሚብሰው ግን የተቀደደ የዓሣ መረብ ክር ነው። ክሩ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፤ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ ፕሮፔለሩን ፈትታችሁ አውጡ። ክር ካለ ውሃ ወደ ማርሹ እንዳይገባ የሚከለክለውን ጎማ ሳትቆርጡ ሙሉ በሙሉ አጽዱት። ዘንጉን ግሪስ ቀቡና መልሳችሁ እሰሩ።

ክሩ ጎማውን ቆርጦት ከሆነ ማርሹ ውስጥ ውሃ ይገባል። የማርሹን የታችኛውን የዘይት ማፍሰሻ ቪቴ ትንሽ ላላ አድርጉና የሚወጣውን ዘይት እዩ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ ሳይጠገን አትሂዱበት።

ፕሮፔለሩ መሃል ላይ ከውጪኛው ብረት ጋር የሚያያዝ ጎማ አለ። ያ ጎማ ሲላቀቅ ዘንጉ ይዞራል፣ ክንፎቹ ግን እኩል አይዞሩም። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ከመሃለኛው ክፍል እስከ ውጪኛው የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አስምሩ። ጭነት ይዛችሁ በሙሉ ጋዝ ትንሽ ሂዱና ተመልከቱ። መስመሩ ተሰብሮ ሁለት ቦታ ከሆነ ጎማው ተንሸራቷል፤ ሞተሩ ምንም አልሆነም።

ወለሉን አንስታችሁ ከሥሩ የቆመ ውሃም እዩ። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው። ሦስት ሰው ተጨማሪ ጭናችሁ «አይጎትትም» እያላችሁ ነው ማለት ነው።

3. የታንኩን መተንፈሻና የእጅ ፖምፓውን ፈትሹ

ታንኩ ክዳን ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቪቴ አለች። እሷ ከተዘጋች ቤንዚን ሲቀንስ የሚተካው አየር አይገባም። ታንኩ ይታፈናል፣ ሞተሩም ጥሩ ሄዶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። መሞከሪያው፦ ሞተሩ ሲደክም ክዳኑን ላላ አድርጉ። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ከተነቃቃ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ቀጥሎ ቱቦው መሃል ያለችውን የእጅ ፖምፓ ያዙ። ቀስቷ ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት። ስትጫኗት ወደ ሞተሩ ያለው ጫፍ ወደ ላይ ይሁን፤ ውስጧ ያሉት ቫልቮች የተሻለ የሚሠሩት እንዲህ ነው። ከዚያ የምትነግራችሁን ስሙ፦

ሞተሩ እየሠራ ፖምፓዋ ከተጣበቀችና ከተጨማደደች፣ ከእሷ በፊት የተዘጋ ነገር አለ። ወይ መተንፈሻው ነው፣ ወይ ታንኩ ውስጥ ያለው መሳቢያ ወንፊት፣ ወይ የታጠፈ ቱቦ። ብትጫኗትም ካልጠነከረች ደግሞ አየር የሚስብ ቦታ አለ፣ ወይም ቫልቮቿ አልቀዋል። ሞተሩ ሲደክም ስትጫኗት የሚነቃ ከሆነ፣ ሞተሩ ላይ ያለው የቤንዚን ፖምፓ ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽፋን ተቀዳለች ወይም መገጣጠሚያ ላይ አየር ይገባል። ስትጫኗት ጭራሽ የሚብስበት ከሆነ ግን የቤንዚን እጥረት የለበትም፤ በዝቶበታል።

4. ቤንዚኑን በብልቃጥ አውጡና ተመልከቱ

ከታንኩ ወለል ብልቃጡ እስኪጋመስ ቤንዚን ቅዱ። ከላይ አይደለም፤ ከወለሉ። ክዳኑን ዝጉና አንድ ቦታ ላይ ሳታንቀሳቅሱ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ውሃ ካለበት ታች ይሰበሰባል፣ በመሃላቸውም ጥርት ያለ መስመር ይታያል። አንዳንዴ ትንሽ ብቻ ይሆንና ብልቃጡን ዘንበል ስታደርጉት እንደ ሜርኩሪ እየተንከባለለ ይሄዳል። ያቺ ጠብታ ካርቡሬተሩ ቀዳዳ ላይ ስትቀመጥ ሞተሩን ታቆመዋለች።

ውሃው ከየት ይመጣል? በክረምት ከጀሪካን ሲቀዳ ዝናብ ይገባል። ግማሽ የሆነ ታንክ ሌሊቱን ውጭ ካደረም ውስጡ ያለው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ ታንኩን ሞልታችሁ አሳድሩ፣ ስትቀዱም ወንፊት ተጠቀሙ።

በጀሪካን ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ነጭ ጋዝ ሊደባለቅበት ይችላል። ዘይት ከመቀላቀላችሁ በፊት ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ወረቀቱን ይተዋል። ነጭ ጋዝ ግን የቅባት ምልክት ያለው እርጥበት ትቶ ይቆያል። ዘይት ከተቀላቀለ በኋላ ይህ መፈተሻ አይሠራም፤ ዘይቱ ራሱ ምልክት ይተዋል።

ስለ ዘይቱ፦ አብዛኞቹ ሞተሮች 50 ለ 1 ይፈልጋሉ። ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር፣ ለ25 ሊትር ግማሽ ሊትር ማለት ነው። በዓይን መገመት የለም፤ በመለኪያ ይሁን። የሞተር ሳይክል ዘይትም አታድርጉበት። እሱ በአየር ለሚቀዘቅዝና በጣም ለሚግል ሞተር የተሠራ ነው። ለጀልባ የሚሆነው ላይ «ቲሲ-ደብልዩ 3» የሚል ምልክት አለ።

5. ቱቦዎችና መገጣጠሚያዎች

ቱቦውን ከታንኩ እስከ ሞተሩ በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ሂዱ። የደረቀ፣ የተሰነጠቀ፣ የለሰለሰ ቦታ ፈልጉ። ቤንዚን የማይንጠባጠብበት ስንጥቅ እንኳ አየር ሊስብ ይችላል፤ ሞተሩ ቤንዚኑን የሚያገኘው በመሳብ ነውና። ታንኩና ሞተሩ ላይ ያሉት መሰኪያዎች ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቀለበት ጎማም እዩ። ፊልትሮውን ክፈቱ፤ ከቆሸሸ ቀይሩት። ለሙከራ ጥሩው ዘዴ ሌላ ደህና ሞተር ላይ የሚሠራ ታንክና ቱቦ ተውሶ ማሰር ነው። በእሱ ከተስተካከለ ሞተራችሁን ተዉት፤ ችግሩ የራሳችሁ ታንክ ወይም ቱቦ ላይ ነው።

6. ካንዴላውን አንብቡ

ሞተሩ በሚያስቸግርበት ፍጥነት ትንሽ ይሂድ። ሚኒሞ ሳታቆዩት አጥፉት። ካንዴላዎቹን አውጡና በተራቸው ደርድሩ፤ የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ መደባለቅ የለበትም።

- ቀላል ቡናማ፦ ጤና ነው።
- ጥቁርና እርጥብ፦ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል፣ ቾኩ (ሞተሩ ሲነሳ አየር የሚቀንሰው ክዳን) ተጣብቋል፣ ወይም እሳት አይሰጥም።
- ነጭ፣ የፈላ የሚመስል፣ የብረት ነጠብጣብ ያለው፦ ቤንዚን ያንሰዋል ወይም ግሏል። እዚህ ላይ አቁሙ። ቤንዚን ሲያንስ የሚያለሰልሰው ዘይትም አብሮ ያንሳል፣ ፒስቶኑም ይቀልጣል።
- ዝገት ወይም የውሃ ጠብታ ያለበት፦ ጉርኒሲዮኑ (በሞተሩ ክፍሎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ውሃ ያሳልፋል። ለመካኒክ ነው።

ሌላው ደህና ሆኖ አንዱ እርጥብ ከሆነ የማይሠራውን ሲሊንደር አገኛችሁት።

ከፍታን እዚህ ላይ አስቡት። ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ለባሕር ዳርቻ አገር የተዘጋጀ ካርቡሬተር እዚህ ከአየሩ በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ሁሉም ካንዴላ እኩል ጥቁር ከሆነና ሞተሩ ከተገዛ ጀምሮ ደክሞ ከነበረ ሰበቡ ይህ ሊሆን ይችላል። የ40 ፈረስ ጉልበት ሞተር እዚያ 33 ገደማ ነው የሚሰጠው፤ ይህ ብልሽት አይደለም። መፍትሔው መመሪያው ለከፍታ በሚያዘው መጠን ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን ዋና የነሐስ ቀዳዳ በጠበበች መቀየርና ክንፉ አነስ ብሎ የሚገፋ ፕሮፔለር ማሰር ነው። የፕሮፔለሩ ፒች (በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት) በአንድ ኢንች ሲያንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ወደ ዝቅተኛ ቦታ ሞተሩን ከወሰዳችሁት ግን ቀዳዳዋን መልሱ። ጫሞ ከጣና ብዙ ዝቅ ይላል፣ እዚያ ቤንዚን ሊያንሰው ይችላል።

7. እሳቱን ፈትሹ

ቤንዚኑን ራቅ አድርጉ። የብልጭታ መፈተሻውን ካንዴላ ገመዱ ላይ ሰክታችሁ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙት። የሌሎቹንም ገመዶች ከብረቱ ጋር አገናኙ። ማስነሻውን ሳቡ። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ትፈልጋላችሁ። ቢጫና ደካማ ከሆነ በቂ አይደለም።

አንዱ ሲሊንደር ብቻ ካስቸገረ ሁለቱን ካንዴላዎች አቀያይሩ። ችግሩ ከካንዴላው ጋር ወደ ሌላው ሲሊንደር ከሄደ ካንዴላው ነው። እዚያው ከቀረ ገመዱ ወይም ቦቢናው (ለካንዴላው የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ነው። የትኛውም ላይ እሳት ከሌለ ከሁሉ በፊት የማጥፊያ ገመዱ ቦታው መሆኑን እዩ። እሱ ካልገባ እሳት አይሰጥም፣ ብዙ ሰው ደግሞ ይረሳዋል።

8. አሁን ካርቡሬተር

ሳትፈቱት በፊት ከሥሩ ያለችውን የማፍሰሻ ቪቴ ላላ አድርጋችሁ በብልቃጥ ተቀበሉ። ውሃ ወይም ቡናማ ቆሻሻ ከወጣ አጥባችሁ ሞክሩ፤ አንዳንዴ መፍታት ሳያስፈልግ ያልቃል።

ካልሆነ ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። የሚኒሞ ማስተካከያዋን ቪቴ በቀስታ እስከ መጨረሻ እየዘጋችሁ ስንት ዙር እንደሆነ ቁጠሩና ጻፉ። መልሳችሁ ስትሰሩ በዚያው ቁጥር ነው የምትከፍቷት። የነሐስ ቀዳዳዎቹን በስፕሬይ እጠቡ፣ ወደ ብርሃን አንስታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ክብ ብርሃን ማየት አለባችሁ። በሽቦ አትጠርጉ። ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን ቤንዚን አይለካም። ተንሳፋፊውን ከጆሯችሁ አስጠግታችሁ ወዝውዙት፤ ውስጡ የሚንሿሿ ነገር ካለ ተቀዷል።

ከአንድ በላይ ካርቡሬተር ካለ የሚያያይዟቸውን ዘንጎች አትንኩ። እኩል መከፈታቸውን ማስተካከል ሌላ ሥራ ነው።

9. ኮምፕሬሽን

ሞተሩን አሙቁ። ሁሉንም ካንዴላ አውጡ፣ ገመዶቹን ከብረት ጋር አገናኙ፣ ጋዙን ሙሉ ክፈቱና መለኪያው መጨመር እስኪያቆም ማስነሻውን ሳቡ። የምትፈልጉት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከ10 እስከ 15 በመቶ ካለፈ አንዱ ውስጥ የፒስቶን ፋሻ ወይም ጉርኒሲዮን አልቋል።

መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር እንዳያስደነግጣችሁ። የተለካው በባሕር ወለል ነው። 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚል ሞተር ጣና ላይ ጤነኛ ሆኖ ወደ 97 ሊያሳያችሁ ይችላል። ይህን ባለማወቅ ደህና ሞተር ተፈቷል፣ ገንዘብም ባክኗል።

10. ማቀዝቀዣ ውሃ

ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ የምትወጣው ቀጭን ውሃ ጠንካራና የማትቆራረጥ መሆን አለባት። ከደከመች አጥፉ። መጀመሪያ የምትወጣበትን ቀዳዳ በናይለን ክር ጥረጉ፤ ብዙ ጊዜ ጭቃ ነው። ክረምት ላይ ወንዞቹ ደለል ይዘው ሲገቡ በተለይ። ከዚያ መሳቢያ ወንፊቱን አጽዱ። ካልተስተካከለ የውሃ ፖምፓው ጎማ ተራ ነው። ክንፎቹ የታጠፉ ወይም የተቆረጡ ከሆኑ ቀይሩት፣ የተቆረጡትን ቁርጥራጮችም ፈልጋችሁ አውጡ። ውስጥ ከቀሩ መንገዱን ይዘጋሉ። በየዓመቱ መቀየር ርካሽ ነው።

11. በጭነት ሞክሩ

በርሜል ውስጥ ጥሩ የሠራ ሞተር ጠግኛለሁ ብላችሁ አትለቁት፤ ጭነት የለበትም። የተለመደውን ጭነት ይዛችሁ ከዳርቻው ሳትርቁ በሙሉ ጋዝ አሥር ደቂቃ ያህል ሂዱ። የዙር መለኪያ ካላችሁ መጽሐፉ ከሚለው ክልል ጋር አስተያዩ፤ ለብዙዎቹ ከ4500 እስከ 5500 ነው። ከዚያ በታች ከቀረ ፕሮፔለሩ ይከብደዋል ወይም ጉልበት ይጎድለዋል።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸው

ትልቁ ስህተት በአንድ ጊዜ ሁሉንም መቀየር ነው። ካንዴላ፣ ፊልትሮና ቤንዚን አንድ ላይ ተቀይሮ ሞተሩ ቢስተካከል የትኛው እንደነበር አታውቁም፣ በሚቀጥለው ወርም ከዜሮ ትጀምራላችሁ። አንድ ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ጻፉ።

ሌላው፣ «ዘይት ቢበዛ አይጎዳም» የሚለው ነው። ይጎዳል። ካንዴላ ያጠቁራል፣ በዘይቱ ቦታ ልክም ቤንዚኑ ስለሚቀንስ ሞተሩን ያግለዋል። ሚኒሞ አልይዝ ያለውን ሞተር ዙሩን በቪቴ ከፍ አድርጎ ማለፍም አለ። ይህ ችግሩን ይደብቃል፣ ማርሽ በገባ ቁጥርም ጥርሱን ይመታዋል።

ወደ መካኒክ የምትሄዱት ኮምፕሬሽኑ ከተለያየ፣ ካንዴላው ላይ ውሃ ወይም የብረት ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ወይም ቦቢናው ከተጠረጠረ ነው። ስትሄዱ ደብተሩን፣ ያወጣችኋቸውን ካንዴላዎች በተራቸው እንደተደረደሩና ቤንዚን የቀዳችሁበትን ብልቃጥ ይዛችሁ ሂዱ።